ጉሹ የጎደለበት ጠርሙስ

«ቀስ በሉ አጎቴ! ሬሳ የጫኑ ይምሰልዎት!»

ጋሪው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮክቬር መንደር ወደ ሊሙ ከተማ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ፣ መንኮራኩሩ ድንጋይ በነካ ቁጥር ኡርሱል ትጮሃለች።

«ሬሳ ቢሆንማ እንዲህ ባልጮኽሽብኝ» አሉ አጎት ሲፕሪየን የበቅሎዋን ልጓም ሳብ እያደረጉ። «ሬሳ አይፈነዳም።»

«ይኸው! ዛሬን በመሰለ ቀን ስለ ሬሳ ማውራት ምን የሚሉት ነው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያነሳሽው?»

ከጋሪው ጎን በእግሯ የምትሄደው የኡርሱል ልጅ ሌዮንቲን በሳቅ ፈረሰች። አዲሱ ጫማዋ አቧራ እንዳይነካው በእጇ አንጠልጥላ የሥራ ጫማዋን አድርጋለች። ኡርሱል ግን አልሳቀችም። ሁለት ክንዶቿን በትልቁ የአኻያ ቅርጫት ላይ ጠምጥማ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፋዋለች። በቅርጫቱ ውስጥ ያሉት የወይን ጠርሙሶች ዙሪያቸውን ጭድ ተጎስጉሶላቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከላይ እርጥብ ጆንያ ለብሰዋል። ብላንኬት ሕይወት ያለው ወይን ነው። በመጋቢት ጨረቃ መጉደል ስትጀምር፣ ጣፋጭነቱ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ ይታሸግና ከዚያ በራሱ ጊዜ እየፈላ ቡሹን ይገፋል። ሙቀት ሲያገኘው ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። የሟች ባሏ እህት አንድ ዓይኗን ያጣችው ልክ እንዲህ ባለ የሰኔ ፀሐይ ነበር።

ሌሊቱን ኡርሱል እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጋሪው ይገለበጣል፤ በቅሎዋ ትደነብራለች፤ ልጅቷ ሰው ፊት ቃል ይጠፋታል፤ የሙሽራው እናት ከግብዣው በኋላ ስለ ቀሚሷ ጠርዝ ታማታለች። በሐሳቧ የመጣባትን መጥፎ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አስባ ስትጨርስ ነጋ። ዛሬ የሚደርስባትን ግን አላሰበችውም።

ዛሬ የሌዮንቲን እጮኝነት የሚጸናበት ቀን ነው። በሮክቬር እጮኝነት በቀለበት አይጸናም። የልጅቷ ቤት ወይኑን ያመጣል፣ የልጁ ቤት ምሳውን ያበስላል። ብላንኬት ደግሞ እታችኛው የጠርሙስ ክፍል ላይ ጉሽ ይዞ የሚቀመጥ ወይን ስለሆነ፣ ምሳው ሲያልቅ የመጨረሻው ጠርሙስ ጉሽ በአንድ ብርጭቆ ይቀዳል። ልጅቷ ግማሹን ጠጥታ ለልጁ ታቀብለዋለች። ያን ጊዜ ተጫጩ ይባላል። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ወሬ ነው። ወሬ ሆኖ የቀረባት ልጅ ደግሞ በዚያች ትንሽ መንደር ምን እንደሚደርስባት ኡርሱል ታውቃለች። የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እንኳ ጎረቤት ራሱን ይነቀንቅባታል።

ከዚያም በላይ ሌዮንቲን ፊርመንን ትወደዋለች። ባለፈው መከር ወይን ሊገዛ ከአባቱ ጋር መጥቶ ሳለ፣ ቅርጫት ከጀርባዋ ሊያወርድላት ሲሞክር አብሮ ወድቆ የሳቀ ልጅ ነው። በራሱ የሚስቅ ወንድ ኡርሱል ደስ ይላታል። ባሏም እንደዚያ ነበር።

«የፊርመን አባት ኤስካርጌል ግን አላማረኝም» አሉ አጎት ሲፕሪየን። የሟች ባሏ አጎት ናቸው፤ ባለፈው እሁድ ካርካሶን ድረስ በእግራቸው ሄደው ከሰልፈኛው ጋር ሲጮኹ ውለው ድምፃቸው እስከ ዛሬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል። በዚያ፣ በፈረንጆች 1907 ዓ.ም.፣ ስኳርና ውሃ ወይን ተብሎ በየገበያው ሲቸበቸብ፣ የእውነተኛው ወይን በርሜል ገዢ አጥቶ ጓዳ ውስጥ ይኮመጥጥ ነበር። የደቡቡ ገበሬ በሙሉ አንጀቱ አርሮ አደባባይ ወጥቷል። «ነጋዴ ሁሉ ካርካሶን ነበረ፤ ኤስካርጌልን ግን በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት።»

«ታሞ ይሆናላ!»

«ይሆናል። ሀብታም የሚታመምበትን ቀን ይመርጣል።»

«አጎቴ፣ በናትዎ፣ ዛሬን ብቻ አፍዎን ይያዙልኝ።»

«ብፈታው እንኳ ማን ይሰማኛል?» አሉ በዛገው ድምፃቸው።

*

የነጋዴው የሙሴ ኤስካርጌል ቤት ከኦድ ወንዝ ዳር፣ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ባለቤቱ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቋቸው፤ ጢማቸው በሰም ተጠምዝዟል፣ የሰዓታቸው ሰንሰለት ሆዳቸው ላይ ተንጋሏል።

«ማዳም ኡርሱል! እንኳን ደህና መጡ! ወይኑን ለእኔ ይተዉት፣ ወደ ውሃ ጉድጓዱ አውርደን እናቀዘቅዘዋለን።»

«እንደቆመ ይሁን ሙሴ። ካዘነበለ ጉሹ ይነሳል።»

«እንዴታ! ይህን ለእኔ ይነግሩኛል?» ብለው ሳቁ። አንድ ሠራተኛ ቅርጫቱን ከእቅፏ ወሰደው። ኡርሱል እጇ ባዶ ሲሆን ልቧ ደነገጠ፤ ሁልጊዜ ስለምትደነግጥ ግን አላመነችውም።

ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ያልጠበቀችው እንግዳ ነበር፤ ሙሴ ዴልፌሽ የሚባል፣ ከቱሉዝ የመጣ ወይን አከፋፋይ። የቤቱ እመቤት ከሲታና ዝምተኛ ሴት ናት፤ ዓይኗን ከሳህን አታነሳም። ፊርመን ከሌዮንቲን ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል። ኡርሱል ከፍቅር ነው ብላ አሰበች።

መጀመሪያ ጠፍጣፋው ዳቦ መጣ፤ የአሳማ ስብ ተጠብሶ የወጣው ቁርጥራጭ ውስጡ የተጋገረበት፣ ገና ትኩስ። ከዳቦው ጋር ጠርሙሶቹ መጡ። አንገታቸው በብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሆዳቸው ላይ በወርቅ ቀለም የታተመ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። «ሮክቬር» ይላል፤ ከሥሩ «የጥንት ብላንኬት»።

የኡርሱል ጠርሙሶች ወረቀት ኖሯቸው አያውቅም። ሰውዬው ሊያከብረን ብሎ ለጥፎልን ነው አለች በልቧ፤ ትንሽ ደስ እንኳ አላት።

ከዚያ ቀመሰችው።

አረፋው እንደ መርፌ ምላሷን ወጋና ሞተ። ከኋላው ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ስኳር መጣ፣ ከስኳሩ ኋላ ምንም። የእሷ ወይን የበሰለ ፖም ይሸታል፤ አረፋው ደቃቅ ነው፣ ስቡን ከአፍ ጠርጎ ሌላ ጉርሻ ያስመኛል። ይኸኛው ከስቡ ጋር ተጣልቶ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ጋዝ ነው። በግድግዳው ማዶ፣ በመጋዘኑ ውስጥ፣ በብረት ቧንቧ የተነፋበት ጋዝ።

ቀና ስትል ሌዮንቲን እያየቻት ነው። ኡርሱል ፈገግ አለች። ምን ታድርግ? ፈገግ አለች።

«ይህ እንግዲህ» አሉ ሙሴ ኤስካርጌል ብርጭቆአቸውን ለቱሉዙ ሰው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ «የምራቴ እናት በገዛ እጃቸው ያዘጋጁት ነው። ይዩት፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ! ከዚህ ቤተሰብ ጋር ስንዛመድ የሮክቬር ወይን ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል።»

«ብዛቱስ ምን ያህል ነው?» አለ ዴልፌሽ።

«የፈለጉትን ያህል።»

የፈለጉትን ያህል! ሮክቬር ሁሉ ተጨምቆ ይህን ክፍል የሚሞላ ጠርሙስ አይወጣውም። ኡርሱል ፊቷ ጋለ። ይህ ሰው ልጇን ለልጁ የጠየቀው የመንደራቸውን ስም ፈልጎ ነው ማለት ነው? ከሙሽራዋ ጋር መንደሩንም ሊወስድ? ዳቦው አፏ ውስጥ አሸዋ ሆነባት።

ቀጥሎ በነጭ ቦሎቄ የተሠራው የአሳማ ሥጋ ወጥ መጣ። ጥሩ ወጥ ነበር፣ ነጭ ሽንኩርቱም ልክ ነው። ከእሷ ወይን ጋር ቢሆን ሠርግ ነበር። አየር ልቀበል ብላ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

የጉድጓዱ ገመድ ከአፉ ላይ ታስሯል። ጎንበስ ብላ አየች። የአኻያ ቅርጫቷ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሏል፤ ጆንያው እንኳ አልተገለጠም።

«ማዳም ኡርሱል…»

ፊርመን ከኋላዋ ቆሟል። ጆሮው አሁንም ቀይ ነው። ከፍቅር እንዳልሆነ አሁን ገባት።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አባቴ ዛሬ ጠዋት ነው የነገረኝ። ለዛሬ ብቻ ነው ብሎኛል። ሰውዬው ጉሽ ያለበት ወይን አይገዛም፣ ጠርቶ ማየት ይፈልጋል አለኝ። እባክዎን ዛሬን ዝም ይበሉልኝ። ለሌዮንቲን ሲሉ።»

«ለሌዮንቲን ሲሉ አልክ? ልጄን መያዣ አድርገህ ታስፈራራኛለህ?»

«እኔ አላስፈራራሁም!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔም ፈርቼ ነው።»

መፍራትን ኡርሱል ታውቀዋለች። ብታውቀው ነው ዝም ብላ ወደ ጠረጴዛው የተመለሰችው። ብትናገር ልጅቷ ዛሬውኑ ወሬ ሆና ትቀራለች። ባትናገር ጉሮሮዋ ላይ የቆመው ነገር ዕድሜ ልኳን አይወርድም። የፍየሉን አይብ ቆረሰች፤ አልቀመሰችውም። ከጎኗ የአጎት ሲፕሪየን ብርጭቆ እንደተቀዳ ሞልቶ ቆሟል። ሰውየው በሕይወታቸው ብርጭቆ ሞልቶ አስቀምጠው አያውቁም።

መጨረሻ ላይ በቁንዶ በርበሬ የሚጋገሩት ደረቅ ብስኩቶች ቀረቡ። የሊሙ ሰው ያለ እነሱ ብላንኬት አይጠጣም፤ በርበሬው ሲፋጅ የወይኑ ለስላሳ ጣዕም ያበርደዋል። የቱሉዙ ሰው አንዱን ገምጦ ከብርጭቆው ሲጎነጭ ግን ጋዙና በርበሬው ተደራረቡበት፤ እንባው እስኪፈስ ሳለ።

«ስላልለመዱት ነው» አሉ ሙሴ ኤስካርጌል ጀርባውን እየመቱ።

«እኔ ተወልጄበት ሰባ ዓመቴ ነው፣ እኔም አልለመድኩትም» አሉ አጎት ሲፕሪየን። ተነሡ። «በሉ፣ ጊዜው ደርሷል። የጉሹን ብርጭቆ አምጡ።»



«የምን ብርጭቆ?» አሉ ሙሴ ኤስካርጌል።

«የልጆቹን ነዋ። ልጅቷ የሮክቬር ልጅ ናት። ጉሹን ሳትጠጣ ልትዳር ነው? ያንን ጠርሙስ ወዲህ ይስጡኝ።»

አጎት ሲፕሪየን የመጨረሻውን ጠርሙስ ከሙሴ ኤስካርጌል እጅ ወስደው በብርጭቆ ላይ ዘቀዘቁት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠርቶ ወረደ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሡት፤ ባዶ ነው፣ ቂጡ እንደታጠበ ያብረቀርቃል።

«ጉሹ የት ሄደ?»

«አጣርተነዋል» አሉ ኤስካርጌል ፈጠን ብለው። «ለክብር ብለን። ዘመኑ ተለውጧል፣ አጎት። ዛሬ አተላ ለእንግዳ የሚያቀርብ ማን አለ?» ወደ ኡርሱል ዞሩ። ፈገግታቸው ከጢማቸው ጋር ተጠማዝዟል። «ማዳም ኡርሱል፣ እስኪ ይንገሯቸው። ወይኑ የእርስዎ ነው፣ አይደለም እንዴ?»

ሁሉም አፏን ያያል። ዝም ማለት አንድ ነገር ነበር። አሁን ግን ውሸቱን በገዛ ምላሷ እንድታትም ነው የተጠየቀችው፤ ልጇ ፊት፣ የባሏ አጎት ፊት።

«አይደለም» አለች።

«እንዴት…»

«አይደለም አልኩህ!» አንቱታው ከአፏ ወደቀ፤ ልታነሣውም አልፈለገች። «የእኔ ወይን ጉድጓድህ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ይኸኛው ስኳርና ጋዝ ነው። አንተ ለእኔ ወይን ታስተምረኛለህ? የሮክቬር ተዳፋት በዝናብ ታጥቦ ሲወርድ አፈሩን በጀርባችን ተሸክመን ወደ ላይ የምንመልሰው እኛ ነን። ባሌ የሞተው እዚያ ተዳፋት ላይ ቅርጫቱን እንዳዘለ ነው! አንተን ያ ስም ምን አስከፈለህ? ሙጫ? ሙጫ ብቻ?»

ጠርሙሱን አንሥታ ወረቀቱን በጥፍሯ ገሸለጠችው። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበርና ሙሉውን ተላቀቀ። ሁለተኛውንም ገሸለጠች።

«ይህች ሴት ታማለች!» አሉ ኤስካርጌል።

የቱሉዙ ሰው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ትከሻውን ነቀነቀ። «ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? እኔ እንደሆነ ማን እንደሠራው ግድ የለኝም። ቱሉዝ ውስጥ ማን ለይቶ ያውቃል?»

ኡርሱልን ከሁሉ ያንገበገባት ይህ ነው። ሌባው ሲያዝ ቢያንስ ያፍራል ብላ ነበር። ገዢውም ሌባውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እሷን እንደ እብድ ያዩአታል።

«ግድ አይኑርህ» አለችው። «ስሙን ግን አትወስዱትም።»

«ብንወስደውስ?» አሉ ኤስካርጌል።

«ያኔማ እንመጣለን» አሉ አጎት ሲፕሪየን ባርኔጣቸውን እያነሡ። «ካርካሶን ድረስ በእግራችን ሄደናል። እዚህማ ቅርብ ነው።»

ሌዮንቲን ተነሣች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ፊርመን፣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሂድና የእናቴን ጠርሙስ ከጉድጓዱ አውጣ። አምጣውና እንጠጣ።»

ፊርመን ብድግ አለ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። ወደ በሩ ሲራመድ፣

«ፊርመን» አሉ አባቱ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ልጁ ቆመ። እጁ በበሩ እጀታ ላይ ነበር፤ ከእጀታው አልተነሣም፣ አላዞረውምም። የቤቱ እመቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከሳህኗ አንሥታ ልጇን አየች። እሱ ግን ወለሉን አየ።

ሌዮንቲን ጠበቀች። ከዚያ በአጠገቡ አልፋ፣ እጁን ከእጀታው ላይ ገለል አድርጋ፣ በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።

*

ዳገቱን ሲጀምሩ ፀሐዩ ከራስ ላይ ዘንበል ብሏል። ራሳቸው ከጉድጓዱ አውጥተው ጋሪው ላይ የጫኑትን ቅርጫት ኡርሱል አላቀፈችውም። ቢፈነዳም ይፈንዳ። ልጅቷ ከጋሪው ጎን እግሯን አንጠልጥላ ለከተማው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል።

ኡርሱል እንደ ልማዷ የሚመጣውን ሁሉ ትቆጥራለች። ሌላ ጠያቂ አይመጣም። ልጅቷ ትጠቁራለች። እናቴ ናት ያጠፋችኝ ትላለች፤ እውነቷንም ነው።

«ሌዮንቲን» አለች በመጨረሻ። «ብትጠዪኝ አልፈርድብሽም። ዝም ማለት ነበረብኝ።»

ልጅቷ ዘወር አለች። እንባዋ እንዳለ ነው፤ ዓይኗ ግን ተቆጥቷል።

«ዝም ብለሻል እኮ! እስከ ብስኩቱ ድረስ ዝም ብለሻል! እኔ ገና ስቀምሰው አወቅሁ። አንቺን አየሁሽ። ፈገግ አልሽ። እማዬ ፈገግ ካለች የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ያንን ቆሻሻ ብርጭቆ ሙሉ ጠጣሁት!»

ኡርሱል ካሰበቻቸው ክፉ ነገሮች ሁሉ መካከል ይህ አልነበረም። ክንዷን ዘርግታ የልጇን ትከሻ ልትይዝ ስትል፣ አጎት ሲፕሪየን ሳል አሉ። በጅራፋቸው እጀታ ወደ ታች አመለከቱ።

ከታች፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ አንድ ሰው ዳገቱን ይወጣል። ባርኔጣ የለውም፣ ኮት የለውም፤ ነጩ ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ ከጀርባው ተጣብቋል። ሊሮጥ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይራመዳል፣ እንደገና ሊሮጥ ይሞክራል።

«ይውጣው» አለች ኡርሱል ንዴቷ ተመልሶ እየጋለ። «በእግሩ ይውጣው! ያ እጀታ ላይ የቆመው እጅ…»

«በቅሎዋን ላቁማት?» አሉ አጎት ሲፕሪየን፣ ልጓሙን ሳይስቡ። የጠየቁት ኡርሱልን አልነበረም።

ሌዮንቲን ወደ ኋላ አላየችም። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፤ ቀሚሷን አስተካከለች።

«አያቁሟት» አለች። ጋሪው አንድ መታጠፊያ ሲዞር፣ «ግን አይቸኩሉ» አለች።

አጎት ሲፕሪየን ልጓሙን ላላ አደረጉት፤ በቅሎዋም በራሷ እርምጃ ዳገቱን ወጣች።